ፖስተኛው ሊነቅለው የነበረው ዛፍ

ዛሬ ስለ ጓሮ ዛፍ ነው የምንጨዋወተው። «አገሩ ሁሉ እየተተራመሰ አንተ አቮካዶ ታወራለህ?» የሚል አይጠፋም። ያለ ምክንያት ግን አላመጣሁትም። ትንሽ ታገሱኝና ንግግራችን ስለ መሬት፣ ስለ ገበያ፣ ስለ ባለቤትነት፣ በመጨረሻም ስለ መንግሥት እቅድ ሆኖ ታገኙታላችሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከነገሩ መነሻ ልጀምር። በደቡቡ የአገራችን ክፍል «30-40-30» የሚባል የፍራፍሬ ንቅናቄ እንዳለ ዜና የምትከታተሉ ታውቃላችሁ። አንድ አባወራ በመጀመሪያው ዓመት 30፣ በሁለተኛው 40፣ በሦስተኛው 30 የፍራፍሬ ችግኝ ይተክላል። ድምሩ በሦስት ዓመት 100 ችግኝ ነው። በዚያ ላይ በ2019 የተጀመረው አረንጓዴ አሻራ አለ፣ በ2022 የተጀመረው የሌማት ትሩፋት አለ። ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ያመለክታሉ፤ ወደ ገበሬው ጓሮ።

ሐሳቡ መልካም ነው። ልጅ ፍራፍሬ ይበላል፣ እናት ትርፉን ሸጣ ዘይትና ጨው ትገዛለች። ታዲያ ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ አለ፦ ጓሮው ውስጥ ቀድሞ የነበረው ዛፍስ ምን ይሆናል? አያት ያለ ልማት ሠራተኛ ምክር የተከሉት፣ ስም የሌለው፣ በየትኛውም መዝገብ ያልሰፈረው ዛፍ?

ይህን ጥያቄ ለመመለስ የአቮካዶን ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል።

▪️ ከዋሻ እስከ ገበያ

የአቮካዶ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። በሜክሲኮ ፑዌብላ ግዛት፣ በቴዋካን ሸለቆ፣ ኮሽካትላን በተባለ ዋሻ ውስጥ ሰዎች አቮካዶ ይበሉ እንደነበር የሚያሳይ የ10 ሺህ ዓመት ገደማ ቅሪት ተገኝቷል። ስሙም የመጣው አዝቴኮች ከሚናገሩት የናዋትል ቋንቋ «አዋካትል» ከሚለው ቃል ነው። ስፔናዊው ማርቲን ፈርናንዴዝ ዴ ኤንሲሶ በ1519 ስለ ፍሬው ሲጽፍ፣ የአገሩ ሰው በየደጁ እያሳደገ ሲበላው ሺህ ዓመታት አልፈውት ነበር።

አቮካዶ አንድ ጠባይ አለው፤ የዚህ ጽሑፍ ቁልፍም እሱ ነው። ዘሩን ብትተክሉት እናቱን አይመስልም። እጅግ ጣፋጭ ከሆነ አቮካዶ የወጣ ዘር ውሃ ውሃ የሚል፣ ጭረታም፣ ወይም ፍሬው ከዘሩ የማይተርፍ ዛፍ ሊያወጣ ይችላል። የዚህ ግልባጭም አለ፦ ከማይረባ ዛፍ ዘር ተአምር ሊወጣ ይችላል። እያንዳንዱ ዘር አዲስ ዕጣ ነው። እናቱን በትክክል የሚመስል ዛፍ የሚፈልግ ሰው ከእናት ዛፉ ቅርንጫፍ ቆርጦ በሌላ ችግኝ ላይ ማጣበቅ አለበት። የእኛ የግብርና ሰዎች «የተዳቀለ ችግኝ» የሚሉት ይህንን ነው።

እንግዲህ ላለፉት ሺህ ዓመታት በሜክሲኮ ጓሮዎች የተካሄደው ማለቂያ የሌለው የዕጣ ጨዋታ ነበር ማለት ነው። መጥፎው ይቆረጣል፣ ደህናው ይቆያል፣ የደህናውን ዘር ጎረቤት ይወስዳል።

▪️ ቁጥር 15

በ1911 ከካሊፎርኒያ አልታዴና ካርል ሽሚት የሚባል ወጣት ወደ ሜክሲኮ ተላከ። የላከው የፍሬድ ፖፔኖ የችግኝ ጣቢያ ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል፦ ጥሩ አቮካዶ ፈልግ፣ ቅርንጫፉን ላክ።

ሽሚት ያደረገውን ልብ በሉልኝ። ቀጥታ ወደ ገበያ ሄደ። የሚሸጠውን ፍሬ አየ፣ ቀመሰ፣ ጥሩ ሲያገኝ ከየት እንደመጣ ጠይቆ ዛፉ ድረስ ተከታተለ። ዛፎቹ ያሉት በሰው ጓሮ ነበር። አትሊክስኮ በተባለች ከተማ ከአሌሃንድሮ ሌ ብላንክ ጓሮ የቆረጠውን ቅርንጫፍ «ቁጥር 15» ብሎ ላከው።

በጥር 1913 ካሊፎርኒያን ከባድ ውርጭ መታት። ብዙዎቹ የአቮካዶ ችግኞች ሲሞቱ ቁጥር 15 ተረፈ። ስሙንም «ፉዌርቴ» አሉት፤ በስፓኒሽ «ብርቱ» ማለት ነው። ለሚቀጥሉት አሥርት ዓመታት የካሊፎርኒያ የአቮካዶ ንግድ በዚህ የአንድ ሰው የጓሮ ዛፍ ላይ ቆመ።

▪️ ፖስተኛው

አሁን ወደ ዋናው ሰው እንምጣ። ሩዶልፍ ሃስ ይባላል። በ1892 ሚልዋኪ ተወልዶ ኑሮውን በካሊፎርኒያ ያደረገ፣ በፓሳዴና ከተማ ደብዳቤ የሚያድል ፖስተኛ ነበር። በ1920ዎቹ አጋማሽ አንድ ማስታወቂያ ላይ ሥዕል አየ፦ በአቮካዶ ዛፍ ላይ የዶላር ኖት ተንጠልጥሎ። (እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ለእኛም እንግዳ አይደለም።) ሃስ ያለውን ሁሉ አራግፎ፣ ከእህቱም ተበድሮ፣ ላ ሃብራ ሃይትስ በተባለ ኮረብታ ላይ አንድ ሔክታር እንኳ የማይሞላ ቁራሽ መሬት ገዛ።

የእሱም እቅድ እንደ ጊዜው ሰው ፉዌርቴ ማምረት ነበር። የተዳቀለ ችግኝ ውድ ስለሆነበት ርካሽ ዘር ገዝቶ ተከለና ሲያድጉለት ባለሙያ ቀጥሮ የፉዌርቴ ቅርንጫፍ አጣበቀባቸው። አብዛኞቹ ያዙ። አንደኛው ግን አሻፈረኝ አለ። ደግመው አጣበቁ፣ አሁንም አልያዘም።

ሃስ ሊነቅለው ፈለገ። የቀጠረው ባለሙያ፣ ኮልኪንስ የሚባለው፣ «ችግኙ ጠንካራ ነው፣ ተወው፣ የሚሆነውን እይ» አለው። ተወው።

ዛፉ ሲያፈራ ፍሬው አስቀያሚ ነበር። ያኔ ሰው የሚያውቀው አቮካዶ ለስላሳና አረንጓዴ ቆዳ ያለው ነው። የዚህኛው ቆዳ ወፍራምና ሻካራ ነው፣ ሲበስል ደግሞ ይጠቁራል። ሃስ ብዙም ቁም ነገር አልሰጠውም። ልጆቹ ግን ከፉዌርቴው ይልቅ ይህንን መረጡ። ቀምሶ ሲያየው እውነታቸውን ነው። ትርፉን ለሥራ ባልደረቦቹ ይሸጥ ጀመር፣ ቀጥሎም ፓሳዴና ውስጥ ለሚገኝ አንድ ግሮሰሪ። ሀብታሞች አንዱን ፍሬ በአንድ ዶላር ይገዙ ነበር፤ በዚያ ዘመን ትልቅ ገንዘብ ነው።

ዛሬ በዓለም ገበያ ከሚሸጠው አሥር አቮካዶ ስምንቱ ያህል ሃስ ነው። ሁሉም የዚያ የአንድ ዛፍ ቅርንጫፍ፣ የቅርንጫፉም ቅርንጫፍ ናቸው። ከቆጋ መስኖ ተለቅሞ ወደ አውሮፓ የሚጫነውም ጭምር። እናት ዛፉ ከአሥር ዓመት በላይ ከሥር አበስብስ በሽታ ጋር ታግሎ ሞተ፤ በመስከረም 2002 ተቆረጠ።

ይህን ታሪክ ቆም ብላችሁ አስቡት። እቅዱ ሙሉ በሙሉ ቢሳካ ኖሮ፣ ማለትም ሁሉም ችግኝ ፉዌርቴ ሆኖ ቢሆን፣ ዓለም ሃስን አያውቀውም ነበር። የተገኘው እቅዱ በአንድ ጉድጓድ ስለከሸፈና አንድ ሰው «ተወው» ስላለ ነው።

▪️ ገንዘቡስ የት ሄደ?

አሜሪካ በ1930 ለዕፅዋት የፈጠራ መብት የሚሰጥ ሕግ አወጣች። ሃስ በ1935 ዛፉን አስመዘገበ፤ የዕፅዋት ፓተንት ቁጥር 139 ነው። በዚያው ዓመት ሃሮልድ ብሮካው ከሚባል ችግኝ ሻጭ ጋር ተዋዋለ። ብሮካው ያባዛል፣ ይሸጣል፤ ለሃስ ከገቢው 25 በመቶ ይሰጣል።

በወረቀት ላይ ሲታይ ሃብታም መሆን ነበረበት። ግን አብቃዩ ብልህ ነው፤ አንድ ዛፍ ይገዛና ከእሱ እየቆረጠ ማሳውን በሙሉ ያዳቅላል። ማን ይቆጣጠረዋል? ሃስ ከዚያ ፓተንት በሕይወት ዘመኑ ያገኘው ገንዘብ ወደ 5 ሺህ ዶላር ገደማ ብቻ ነበር ይባላል። ደብዳቤ ማደሉንም አልተወም። የሞተው በ1952 ነው፤ ፓተንቱም ያበቃው በዚያው ዓመት ነው። የሌ ብላንክ ዛፍ ደግሞ ከዚያም ቀድሞ፣ እንዲህ ያለ ሕግ ሳይኖር፣ ቅርንጫፉ ተቆርጦ ድንበር ተሻግሯል።

አገራችንም የዕፅዋት አዳቃዮች መብት አዋጅ አላት፤ በ2006 ወጥቶ በ2017 በአዲስ ተተክቷል። አዋጁ መኖሩ ጥሩ ነው። ነገር ግን የሃስ ታሪክ የሚያስተምረን ወረቀት ብቻውን እንደማይበቃ ነው። የዳሌ ወይም የወንዶ ገነት አንዲት እናት በጓሮዋ የተለየ ዛፍ ቢኖራት የትኛውን ቢሮ ታንኳኳለች? ማንስ ይሰማታል?

▪️ አንድ ዛፍ ሲታመም

አሁን ወደ አደጋው እንሂድ። የዓለም አቮካዶ የአንድ ዛፍ ቅጂ ነው ካልን፣ አንዱን የሚገድል በሽታ ሁሉንም ሊገድል ይችላል ማለት ነው። ይህ በሙዝ ደርሷል። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ዓለም የሚነግደው ሙዝ «ግሮ ሚሼል» ይባል ነበር። እሱም ቅጂ ነው። ፓናማ የተባለው የሥር በሽታ ገብቶ የመካከለኛው አሜሪካን ማሳዎች ጨረሰና በ1960ዎቹ ንግዱ በሙሉ ወደ «ካቬንዲሽ» ዞረ። ካቬንዲሽንም የሚያጠቃ አዲስ የበሽታው ዝርያ ዛሬ እየተስፋፋ ነው፤ በ2013 ሞዛምቢክ መግባቱ ተረጋግጧል።

ለአቮካዶም ተረኛው ቆሟል። በ2002፣ የሃስ እናት ዛፍ በተቆረጠበት ዓመት፣ በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት አንዲት ከእስያ የመጣች ትንሽ ጥንዚዛ ተገኘች። የምትሸከመው ፈንገስ የአቮካዶ ወገን የሆኑ ዛፎችን በሳምንታት ውስጥ ያደርቃል። ዛሬ የፍሎሪዳን አቮካዶ አብቃዮች እያስለቀሰ ነው።

«ይህ የሩቅ ነው» እንዳትሉ። በ2010 ምሥራቅ ወለጋ ላይ ነጭ የማንጎ ተባይ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ቅጠሉን በነጭ ነጠብጣብ የሚሸፍን፣ ጭማቂውን መጥጦ ፍሬውን የሚያሳንስ ነው። ከዚያ ወዲያ በየአቅጣጫው ተዛምቶ ማንጎ የሚበቅልባቸውን ብዙ አካባቢዎች አዳረሰ። ባለ አንድ ማንጎ ጓሮ ባለቤት መርጨት የሚችልበት መሣሪያ የለውም፤ ዛፉም ረጅም ነው። ልጅ ከዛፍ ላይ ለቅሞ የሚበላው ፍሬ ላይ ኬሚካል መርጨትም ሌላ ጣጣ ነው። ችግኝ በመኪና ተጭኖ ከወረዳ ወረዳ ሲዞር ተባዩም ያለ ትኬት እንደሚሳፈር መርሳት የለብንም።

▪️ ጓሮ ማሳ ሲሆን

ሁለተኛው አደጋ ፖለቲካዊ ነው። አሜሪካ የሜክሲኮን አቮካዶ ከ1914 ጀምሮ በተባይ ምክንያት አግዳ ኖራ በ1997 በከፊል ከፈተች። የሚቾአካን ግዛት ኮረብታዎች በአቮካዶ ተሸፈኑ፤ ለዚህም የጥድ ደን ተጨፈጨፈ። ገንዘቡ ሲበዛ የታጠቁ ቡድኖች መጡ። ከአብቃዩ በኪሎ፣ በሔክታር ግብር መሰብሰብ ጀመሩ። በየካቲት 2022 አንድ የአሜሪካ ተቆጣጣሪ ዛቻ ደርሶበት አሜሪካ ከዚያ ግዛት የምታስገባውን አቮካዶ ለጊዜው አቁማ ነበር።

በዚያው ግዛት ውስጥ ቼራን የምትባል የፑሬፔቻ ነባር ሕዝቦች ከተማ አለች። በሚያዝያ 2011 ሴቶች ግንባር ቀደም ሆነው ደን ጨፍጫፊዎቹን መንገድ ላይ አገቷቸው። ከዚያ ከተማዋ ፖሊሱንም የፓርቲ ሰዎችንም አባርራ ራሷን ማስተዳደር ጀመረች። ስለ አቮካዶ ያወጣችው ደንብ ይገርመኛል፦ ለቤት የሚበቃ ጥቂት ዛፍ መትከል ይቻላል፣ ለንግድ ብሎ ማሳ ማልማት አይቻልም። ቼራን አቮካዶን አልጠላችም። ጓሮና ማሳ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በደም ዋጋ ተማረች እንጂ።

ቺሊ ውስጥ ፔቶርካ የተባለ ደረቅ ሸለቆ አለ። ኮረብታው በአቮካዶ ለምልሞ ነዋሪው የመጠጥ ውሃ በቦቴ ሲመጣለት ኖሯል። በውሃው ጉዳይ ሲታገል የኖረው ሮድሪጎ ሙንዳካ በ2021 የቫልፓራይሶ ክልል ገዥ ሆኖ ተመርጧል። የአንድ ፍሬ ውሃ ሰው ለሥልጣን አበቃ ማለት ነው።

▪️ ከሂርና እስከ ሲዳማ

የእኛ ታሪክ ከዚህ ሁሉ ጋር የት ይገናኛል? የግብርና ጥናቶች አቮካዶ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1938 ነው ይላሉ፤ ምዕራብ ሐረርጌ፣ ሂርና፣ በግል ፍራፍሬ አልሚዎች አማካይነት። ጣሊያን አገሩን በያዘበት ዘመን መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ወደ ደቡብና ምዕራብ ዘለቀ። ሲዳማ፣ ወላይታ፣ ጅማ፣ ጌዴኦ ደረሰ።

አብዛኛው የተጓዘው በችግኝ ጣቢያ በኩል አልነበረም። በዘር ነው። አንዱ በልቶ ዘሩን ቀበረ፣ ጎረቤት ጠይቆ ወሰደ፣ ልጅ ከከተማ ሲመለስ በኪሱ ይዞ መጣ። እንሰቱና ቡናው መሐል ቦታ ተገኘለት። በ2023 በዩኔስኮ የተመዘገበውን የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና። አቮካዶም በእንዲህ ዓይነት ጓሮዎች እንግዳ ሆኖ ገብቶ ቤተኛ ሆነ። ከተማው ደግሞ በጁስ ቤት በኩል ተቀበለው። በአንድ ብርጭቆ ውስጥ አቮካዶ፣ ማንጎና ፓፓያ በንብርብር የሚቆሙበት ስፕሪስ የእኛው የከተማ ልማድ ነው፤ ያለ ደቡብ ጓሮ ግን አይኖርም ነበር።

እንግዲህ አስሉት። ከ80 ዓመት በላይ፣ በብዙ ሺህ ጓሮ፣ እያንዳንዱ ዘር አዲስ ዕጣ ሆኖ ሲተከል። ይህ በሜክሲኮ የተካሄደው ጨዋታ ትንሹ ወንድም ነው። ገበያ ብትሄዱ ይታያችኋል፤ ክቡ፣ ረጅም አንገቱ፣ ጥቁሩ፣ አረንጓዴው፣ ቅቤ የመሰለው፣ ውሃ የሆነው። ነጋዴዋ «ይሄ የእነ እገሌ ጓሮ ነው» ብላ ለይታ ታውቀዋለች። መዝገቡ እሷ ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው።

በኋላ ደግሞ የምርምሩ ሰዎች መጡ። መልካሳ ላይ ሃስ፣ ፉዌርቴ፣ ኤቲንገር፣ ናባል፣ ፒንከርተን፣ ቤከን የተባሉት ዝርያዎች ተጠኑ። ከእስራኤል የልማት ትብብር ጋር የተዳቀለ ችግኝ የሚያባዙ ጣቢያዎች ተከፈቱ። ይርጋለም ላይ የአቮካዶ ዘይት ይጨመቃል። ይህ ሁሉ ሲሳይ ነው፤ የማጣጥለው አይደለም። የተዳቀለ ችግኝ በ3 እና 4 ዓመት ያፈራል፣ በዘር የበቀለው ግን እጥፍ ጊዜና ከዚያ በላይ ያስጠብቃል። የተዳቀለው አጭር ስለሆነ ፍሬው በእጅ ይለቀማል፤ ረጅሙ ዛፍ ላይ ወጥቶ የሚያራግፍ ልጅ ፍሬውንም ራሱንም ይሰብራል። የውጭ ገዥ ደግሞ የሚፈልገው ሃስ ነው፤ ቆዳው ወፍራም ስለሆነ መንገድ ይችላል።

▪️ ታዲያ ምን ይሁን?

አንደኛ፣ ነባሩን ዛፍ ከመቁረጥ በፊት ቅመሱት። ካርል ሽሚት ያደረገውን ለማድረግ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ገበያ ሄዶ ነጋዴዋን መጠየቅ፣ ፍሬውን ተከትሎ ጓሮ መድረስ፣ የዛፉን ቦታና የባለቤቱን ስም መመዝገብ ነው። የሚቀጥለው ትልቅ አቮካዶ ለደጋችን የሚስማማ፣ ሥር አበስብስን የሚቋቋም ሆኖ አለታ ወንዶ አንዲት ቤት ጀርባ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ጉቶው ላይ ሃስ ካዳቀልንበት በኋላ ግን አናገኘውም።

ሁለተኛ፣ ቁጥሩን ከመሬቱ ጋር አስተያዩት። አቮካዶ በ6 ሜትር ርቀት ይተከል ቢባል አንዱ ዛፍ 36 ካሬ ሜትር ይወስዳል፤ 100 ቢሆን 3,600 ካሬ ሜትር ነው። የመቶው ሁሉ አቮካዶ እንዳልሆነ፣ ሙዙም ፓፓያውም እንዳለበት አውቃለሁ። ግን ግማሽ ሔክታር እንኳ ለሌለው አባወራ ይህ ሒሳብ ከእንሰቱ ላይ ነው የሚቀነሰው። እንሰት ክፉ ቀን ያወጣል፤ አቮካዶ ገበያ ሲወድቅ አይበላም፣ ቢበላም ራት አይሆንም።

ሦስተኛ፣ አንድ ዓይነት ብቻ አትስጡ። ይህ የጓሮ ባለቤትንም ይመለከታል። የአቮካዶ አበባ ሁለት ጊዜ ይከፈታል፤ መጀመሪያ ሴት ሆኖ፣ በማግስቱ ወንድ ሆኖ። ሃስ ጠዋት ሴት ነው፤ ፉዌርቴና ኤቲንገር ከሰዓት። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ ንብ ታገናኛቸዋለች፣ ምርቱም ይጨምራል። ተፈጥሮ ራሷ አንድ ዓይነት ብቻ አትወድም።

አራተኛ፣ ለጓሮው ገንዘብ ባለቤት ይኑረው። በብዙ ቤት የጓሮ ፍሬ ሸጣ የቤቱን ጎዶሎ የምትሞላው እናት ናት። ንግዱ ወደ ማኅበርና ወደ ውል ሲያድግ ፊርማው የአባወራው ብቻ እንዳይሆን። ሃስን ዓለም ያወቀው ልጆቹ ስለቀመሱለት ነው፤ የጓሮን ነገር ከቤት ሰው በላይ የሚያውቅ የለም።

ዘንድሮም ክረምት ሲገባ ችግኝ በመኪና ተጭኖ ይመጣል፣ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ፎቶ ይነሳል። ይሁን፣ ይተከል። ልማት ሠራተኛው ግን «ይህ አሮጌ ዛፍ ይነሳ» ባለ ጊዜ ከቤተሰቡ አንድ ሰው የኮልኪንስን ቃል ይድገምለት፦ ተወው፣ የሚሆነውን እንይ።

የእናንተ አካባቢ ገበያ የሚያውቀው፣ ስም የወጣለት የጓሮ ዛፍ አለ? ማንጎም ይሁን አቮካዶ፣ ዘይቱንም ይሁን ጊሽጣ፣ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልን። መዝገቡን ከዚህ እንጀምረው።